መሬት ያልነካው ምሰሶ

አልታየች ቤቷ በበቅሎ ተጭኖ ሲመጣ ያየችው ከአባቷ ግቢ ካብ ላይ ቆማ ነው።

መጀመሪያ የአንኮበር መንገድ ከደብረ ብርሃን ሜዳ ጋር በሚገናኝበት በኩል የጉንዳን ሰልፍ የመሰለ ነገር ታየ። እየቀረበ ሲሄድ በቅሎና ሸክም ያጎበጠው ሰው ሆነ። ረጃጅሞቹን የጣራ ወራጆች ሁለት ሁለት ሰው በትከሻው ይዟቸዋል። መዝጊያዎቹና የመስኮት ክዳኖቹ ከበቅሎዎቹ ግራና ቀኝ ተንጠልጥለው፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር እንስሶቹን ወደ ጎን ይገፏቸዋል። ከሁሉ ኋላ አንድ ሰው በእግሩ ይመጣል። ፊቱ ገና አይለይም፤ አካሄዱን ግን ለየችው። ከአንዱ ጭነት ጎን ጥቂት ይሄድና ማሰሪያውን በእጁ ዳብሶ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ልቧ ደስ ሊለው ሲል ደነገጠ። ቤቱ ደረሰ ማለት የመልሷ ቀን ደረሰ ማለት ነው።

አልታየች ባሏ በዘመቻ ከሞተባት ወዲህ ወደ አባቷ፣ ወደ ደብሩ አለቃ ወደ ወልደጻድቅ ቤት ተመልሳ ትኖር ነበር። መስከረም ሲጠባ የሰላ ድንጋዩ ባላምባራስ ገብረ ሕይወት ሽማግሌ ላከባት። ባላምባራስ ክፉ ሰው አይደለም፤ መሬቱ ሰፊ፣ ስሙ የተከበረ፣ ዕድሜው ከአባቷ ጥቂት ያነሰ ነው። አለቃ ልጃቸውን አላስገደዷትም። ዝም ብለው አፏን ይጠብቁ ጀመር፤ ይህ ደግሞ ከቁጣ ይብስ ነበር። እሷም ሽማግሌዎቹን ላለማሳፈር፣ እሺም ላለማለት፣ አንድ ነገር ተናገረች፤ አባቴ በርስታቸው ላይ ቤት ሊሠሩልኝ ቃል ገብተውልኛልና ያ ቤት ሲቆም መልሴን እሰጣለሁ አለች።

ያን ስትል የምታውቀውን የቤት አሠራር ይዛ ነው። በደብረ ብርሃን ሜዳ እንጨት የለም። ከሩቅ ጫካ ይቆረጣል፣ ይጎተታል፣ ይደርቃል፣ ይጠረባል፤ ከዚያ ጎረቤት በደቦ ይጠራል፤ አጨዳ ሲመጣ ሥራው ይቋረጣል፣ ዝናብ ሲመጣ ይቋረጣል። አንድ ክረምት ቢያልፍ ሌላው ይደርሳል። ለአንዲት መሄጃ ላጣች ሴት ይህ ሁሉ ጊዜ ትልቅ መሸሸጊያ ነው ብላ አሰበች።

አባቷ ሥራውን ለማን እንደሰጡት ግን አታውቅም ነበር።

ወልደሩፋኤል የአንኮበር ቀጥቃጭ ልጅ ነው። አባቱ ማረሻና ማጭድ ሲቀጠቅጥ ኖሮ ሞተ፤ እሱ ግን በልጅነቱ ወደ እንጨት ዞረና ንጉሡ ዘንድ ይሠራ ከነበረ አንድ ፈረንጅ አናጢ ሥር ተማረ። የንጉሡ ግቢ ወደ እንጦጦ ሲነሣ ፈረንጁም አብሮ ሄደ፤ ወልደሩፋኤል ግን ከጎረቤላ በታች፣ ከጥዱ ጫካ ዳር ባለች መስክ ላይ ሥራውን ቀጠለ። ቤቱን የሚሠራው ቤቱ በሚቆምበት ቦታ አይደለም። እንጨቱ ካለበት ሁሉንም ይጠርባል፣ ይበሳል፣ ያጋጥማል፤ በመስኩ ላይ ያቆመውና መግጠሙን አይቶ መልሶ ይፈታዋል። ከዚያ በኋላ ቤት ሳይሆን ጭነት ነው።

አለቃ ልጃቸውን ወደ አንኮበር፣ ወደ አክስቷ ወደ እማሆይ አመተ ማርያም ዘንድ የላኳት ለዚሁ ነበር። ቤቱ ያንቺ ነውና የሚሆንሽን እያየሽ እዘዢ ብለው።

አልታየች መጀመሪያ ያዘዘችው ሰውዬው እንዲዘገይ ነው፤ በቀጥታ ግን አላለችውም። መስኮቱን አስፋው አለችው፣ አሰፋው። አይ፣ ነፋስ ይገባል፣ አጥብበው አለችው፣ አጠበበው። ሳይማረር ሌላ እንጨት አነሣ። በሦስተኛው አፈረችና መጠየቅ ጀመረች፤ ለማዘግየት ሳይሆን ለማወቅ። ቤቱ ለምን ክብ አልሆነም? ማዕዘን ያለው ቤት በግድግዳ ይከፈላል፤ መኝታውና ምድጃው ይለያያሉ አላት። ከብቱስ የት ያድራል? ከብቱ የራሱ ቤት ይሠራለታል። መስኮቱ ለምን ከበሩ ትይዩ ሆነ? ጭሱ መግቢያውን ሳይሆን መውጫውን እንዲያገኝ። ሲመልስላት እጁ አይቆምም ነበር፤ ዓይኑን ግን ከእንጨቱ አንሥቶ ነው የሚመልሰው። አክስቷ ከተቀመጡበት ዛፍ ሥር ሆነው ይህን አዩና መቁጠሪያቸውን ወደ መቁጠር ተመለሱ።

አንድ ቀን ጣራውን ስታየው ምሰሶ የለውም።

ከሁለት ወራጆች መጋጠሚያ አንድ ወፍራም እንጨት ወደ ታች ይወርድና ከአግዳሚው ላይ ያበቃል። ከዚያ በታች ባዶ ነው።

«ይህ መሬት አይደርስም» አለችው።

«አይደርስም እሜቴ።»

«ታዲያ ምኑን ነው የሚሸከመው?»

ከመስኩ ዳር የማሽላ አገዳ ሰብሮ መጣና አጠገቧ ቁጢጥ አለ። ሁለት አገዳዎች ጫፍ ለጫፍ አደጋገፋቸውና በጣቷ ከላይ እንድትጫናቸው ነገራት። ስትጫን እግራቸው ተንሸራቶ ተፈናጠሩ። ከዚያ ሦስተኛውን አገዳ ከሥር አግድሞ ከሁለቱ እግር ጋር በልጥ አሰረው። እንደገና ተጫነች። አልተንቀሳቀሱም። አጥብቃ ተጫነች። አግዳሚው መሐሉ ላይ ትንሽ ጎበጥ አለ እንጂ ያዘ። ያን ጊዜ ከላይኛው መጋጠሚያ አንድ አጭር አገዳ አንጠልጥሎ የጎበጠውን ወደ ላይ ሳበው።

«አይሸከምም» አላት። «ይይዛል። ከላይ ተንጠልጥሎ የታችኛውን ይይዛል።»

አልታየች ጣቷን ሳታነሣ ቆየች። የሟች ባሏ ቤት ምሰሶ ትዝ አላት። እሱ ሁልጊዜ ከምሰሶው ወዲያ፣ እሷ ወዲህ ነበረች። የበሉበትን ዘመን ሁሉ ስታስበው ትዝ የሚላት የፊቱ ግማሽ ነው።

የምሰሶን ነገር ካነሡ ዘንድ እሷም የምታውቀውን ነገረችው። የደብረ ብርሃን መሬት መረሬ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በየክረምቱ የአባቷ ቤት ምሰሶ ጣራውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሐምሌ ሲገባ በሩ አይዘጋም። ወልደሩፋኤል መሮውን አስቀምጦ ሰማት። የመረሬውን ነገር ማንም አልነገረኝም፤ እንግዲያው ቤቱ ከድንጋይ መሠረት ላይ ይቀመጣል፣ አንድም እንጨት አፈሩን አይነካም አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ቤቱ የእሱ ብቻ መሆኑ ቀረ።

እንጨቶቹ ሲፈቱ እንዳይቀላቀሉ ምልክት የምታደርግባቸው እሷ ሆነች። ሁለት ጭረት ያለበት ሁለት ጭረት ካለበት፣ ሦስቱ ከሦስቱ ይጋጠማል። እሱ መጋጠሚያውን ገጥሞ ይይዛል፣ እሷ ትጭራለች። ፊታቸው በጣም ይቀራረብ ስለነበር ሁለቱም እንጨቱን ብቻ ያዩ ነበር።

ከዚያ ቤቱ በመስኩ ላይ የቆመበት ቀን መጣ። ወልደሩፋኤል ያን ቀን ደስታውን መደበቅ አልቻለም። አለቃ ቦታውን አስደልድለው የድንጋዩን መሠረት ያሠሩ እንጂ፣ ይህ ቤት ሜዳችሁ ላይ በአንድ ቀን ይቆማል አላት።

«በአንድ ቀን?» አለች አልታየች።

ፊቷ ጠቆረ። እሱ የፊቷን መጥቆር አየ፤ ምክንያቱን ግን አላወቀም። በነጋታው ስንቅ አስይዛ፣ ሳትሰናበተው ወደ ደብረ ብርሃን ወጣች።

አሁን ቤቱን ይዞ መጣ። ጭነቱ ሲራገፍ ከካቡ ወርዳ ሰላም አለችው፤ እሱም እጅ ነሣ። የቤቱን ደኅና መድረስ ነገራት። እሷም መንገዱን ጠየቀችው። ሁለቱም ሊጠይቁ የፈለጉት ግን ሌላ ነበር።

የማቆሚያው ቀን ደቦው ገና ጤዛው ሳይነሣ ተሰበሰበ። የሰላ ድንጋዩ ሽማግሌ ግራዝማች ዘርአ ዳዊትም መልሷን ሊቀበሉ በበቅሏቸው ደረሱና ከአለቃ ጎን ተቀመጡ። ጭነቱን ያመጣው ቅጥረኛ ብርሃነ መስቀል ለሚሰማው ሁሉ ያወራል፤ ቤት ተሸክሜ መጣሁ ብል ሚስቴ አታምነኝም፤ ከቀንድ አውጣ በቀር ቤቱን አዝሎ የሚሄድ አይታ አታውቅማ ይላል።

እስከ እኩለ ቀን ሁሉ ነገር እንደ መስኩ ሆነ። ቋሚዎቹ በድንጋዩ ላይ ቆሙ፣ አግዳሚዎቹ ተጫኑ፣ ወራጆቹ ተገጠሙ። ወልደሩፋኤል ከላይ ሆኖ ይቀበላል፣ አልታየች ከታች ጭረቱን እያየች የትኛው እንደሚቀጥል ትናገራለች። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀ፣ ኋላ እሷን እየጠየቀ መሥራት ጀመረ።

የመብል ሰዓት ሲደርስ ግን ሹክሹክታ ተነሣ። የቀጥቃጭ ልጅ እያየን አንበላም የሚሉ ነበሩ። አለቃ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሰውም ማስቀየም አይወዱም። ወልደሩፋኤልን ጠርተው፣ ሰዉ እስኪበላ ከበቅሎዎቹ ዘንድ አረፍ እንዲል፣ ድርሻው እንደሚላክለት በለሰለሰ ቃል ነገሩት። እሱም የሚጠብቀው ነገር እንደመጣበት ሰው እሺ ብሎ፣ መሮውን ይዞ ወጣ። አልታየች ከሴቶቹ ጋር እንስራ እያወጣች ነበርና ሲወጣ ጀርባውን ብቻ አየች።

ደቦው በላ፣ ጠጣ። ጠላው ከራስ ሲደርስ የአንዱ ዓይን ወደ ጣራው ሄደ።

ምሰሶው አጭር ሆኖበታል ማለት ጀመሩ። ሲለካ ክንዱን ስቶ ነው፤ አፍሮ ዝም ብሎ ሄደ ተባለ። እንደ ጥፋት አልቆጠሩበትም፤ እንዲያውም አዘኑለት። ሰው ሲሳሳት ጎረቤት ያርመዋል። ከአለቃ አሮጌ ጎተራ አንድ ወፍራም የወይራ ግንድ አመጡና ከተንጠልጣዩ እንጨት ሥር አቆሙት። አፈሩ ላይ ድንጋይ ነጠፉለት፣ አናቱ ላይ ሽብልቅ አስገቡበትና በመዶሻ ወጠሩት። አለቃም ደስ ብሏቸው ተነሡ። ምሰሶ የሌለው ቤት ከጧት ጀምሮ ሲከብዳቸው ነበር የዋለው። እጃቸውን ግንዱ ላይ ጭነው ቤቱን መረቁት፤ ሰዉም አሜን አለ።

አልታየች የመዶሻውን ድምፅ ሰምታ ስትገባ ምርቃቱ አልቆ ነበር። ምንም ሳትናገር ዓይኗን ወደ ጣራው ዳር ወሰደች። ሦስት ጭረት ያለበት ወራጅ ከአግዳሚው ተነሥቷል። የደቦ ሰው አግዳሚው ላይ አስደግፎ በተወው መሰላል ወጥታ ክፍተቱን ነካችው። ጥፍሯ ገባ።

ለአባቷ ነገረቻቸው። ክዳኑ ከመጫኑ በፊት ግንዱ ይውጣ፣ አለዚያ ክረምት መረሬው ሲያብጥ ጣራውን ይገነጥለዋል አለቻቸው። አለቃ ልጃቸውን በርኅራኄ አዩዋት። የተመረቀ ምሰሶ አይነቀልም አሉ። ደግሞስ፣ ምሰሶ አባወራ አይደለም እንዴ ልጄ፣ ብለው ወደ ግራዝማች ፈገግ አሉ።

ግቢውን አቋርጣ ወጣች።

ወልደሩፋኤል ከካቡ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መሮውን ይስላል። ብርሃነ መስቀል አመጣጧን አይቶ በቅሎዎቹ ውሃ እንደጠማቸው ለራሱ ተናገረና እየነዳቸው ሄደ።

«ምሰሶ አቆሙበት» አለች።

እጁ ቆመ። የት እንደሆነ ጠየቃት፣ ነገረችው። የትኛው መጋጠሚያ እንደተነሣ ጠየቃት፣ የጭረቱን ቁጥር ነገረችው። ዓይኑን ጨፈነ፤ በውስጡ ያንን እንጨት እያገላበጠ የሚያይ ይመስል ነበር።

«አለቃን ይንገሯቸው እሜቴ።»

«ነገርኳቸው። አይነቀልም አሉ።»

«እንግዲህ ቤቱ የእርሳቸው ነው» አለና መሮውን ወደ ድንጋዩ መለሰ።

አልታየች ቁጣዋ ከየት እንደመጣ አላወቀችም። ምናልባት ከመስኩ፣ ሳትሰናበተው ከወጣችበት ቀን ጀምሮ አብሯት የከረመ ነው።

«አንተስ? ለማን ብለህ ነው እንዲህ ቸኩለህ የጨረስከው? ስታቆመው ሳቅህ። በአንድ ቀን ይቆማል ብለህ ሳቅህብኝ።»

«ሳቅሁብዎ?»

«ቤቴ ሲቆም መልሴን እሰጣለሁ ብዬ ነበር ለሽማግሌ። ክረምት ከክረምት እየተተካ የሚያቆየኝ መስሎኝ ነበር። አንተ በየቀኑ አንድ እንጨት በጨረስክ ቁጥር እኔ ወደ ሰላ ድንጋይ አንድ እርምጃ እሄድ ነበር።»

መሮው ከእጁ ላይ ወርዶ ከጭኑ ላይ ተጋደመ።

«ማንም አልነገረኝም» አለ። «ቤቱን የወደዱት መሰለኝ። በየማለዳው ወደ መስኩ ሲወርዱ፣ ይህቺ ሰው ቤቷን ናፍቃለች አልኩ። ሌላ የምሰጥዎ ነገር አልነበረኝም። የቀጥቃጭ ልጅ ለአለቃ ልጅ ምን ይሰጣል? ፍጥነት ነበረኝ፣ ፍጥነቴን ሰጠሁዎ።»

«እኔ የናፈቅሁት ቤቱን አልነበረም።»

ይህን ካለች በኋላ ሁለቱም ሜዳውን ያዩ ጀመር። ሜዳው ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም። አልታየች ቃሉ ከአፏ ስለወጣ ማፈር ሲገባት፣ የተሰማት ግን ከባድ እንስራ ከጀርባ ሲወርድ የሚሰማው ዓይነት ቅለት ነበር፤ ወገቧ ራሱ ቀና አለ።

ወደ ቤቱ ተመለሰች። ገብታ ከግንዱ አጠገብ ቆመች።

ሰዉ መጀመሪያ ልብ አላላትም። ለክዳን የተከመረውን የጓሳ ሣር ሊያነሣ ይዘጋጃል። እሷ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ ይህ ግንድ ይውጣ፤ ሲወጣ እኔ ከሥር እቆማለሁ አለች። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። አለቃ እስከ ደጃፉ መጡ።

«ልጄ፣ ጣራው ይወድቅብሻል።»

«ከወደቀ የባላምባራስ ጥያቄ መልስ አገኘ አባቴ። ካልወደቀም እመልሳለሁ።»

የሳቀ አልነበረም። ግንዱን አውጡ ያለቻቸው ሁሉ ወደ ኋላ አሉ። በነፍስ የሚጠየቅ ማን አለ? አለቃ ልጃቸውን እጇን ይዘው ሊያወጧት አንድ እግራቸውን ከደፉ ላይ አሳረፉ፤ ወደ ጣራው ቀና ብለው አዩ፤ እግራቸውንም መለሱ። በዚያች ቅጽበት አባቷ እንዳረጁ አየች፤ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

በዚህ መሐል ሰዉ ግራና ቀኝ ተከፈለ። ለወልደሩፋኤል መንገድ የለቀቁለት ለክብሩ ሳይሆን እንዳይነካቸው ነው። እሱም ያንን እያወቀ በተለቀቀለት መንገድ መጣ፤ የእንጨት መዶሻውን ይዟል። ደጃፉ ላይ ለአለቃ እጅ ነሥቶ ገባ።

አልታየችን አላያትም። መሰላሉን ወጥቶ የተነሣውን መጋጠሚያ በጣቱ ዳሰሰ፣ ጆሮውን አስጠግቶ በመዳፉ መታ፣ ደግሞ መታ። ወርዶ ከፊቷ ቆመ። ከንፈሩ ደርቋል።

«ውጪ» አላት በዝግታ።

«ይወድቃል ማለት ነው?»

«አላውቅም። ትናንት ብትጠይቂኝ እምል ነበር። ዛሬ ግን ውስጡ ያለው የእንጨት ችንካር ይሰንጠቅ አይሰንጠቅ አይታየኝም። ያላየሁትን አልምልልሽም። ውጪና እኔ ልምታው።»

«አንተስ የት ትቆማለህ?»

«የሚመታ ከዚህ ነው የሚቆመው።»

«እንግዲያው እኔም ከዚህ ነኝ» አለች።

ሊከራከራት አፉን ከፈተና ተወው። ከጎኑ አቆማት፤ ግንዱ ሲወድቅ ወዴት እንደሚጋደም አይቶ አንድ እርምጃ ወደ ግድግዳው ሳባት። ክንዷን የያዘው ለዚያ ብቻ ነበር፤ ቢሆንም ሲለቃት ሁለቱም ዘገዩ።

ሽብልቁን በአንድ ምት አላወጣውም። ከአንዱ ወገን ቀስ አድርጎ መታ፣ ጆሮውን ሰጠ። ከሌላው ወገን መታ፣ ጆሮውን ሰጠ። በእያንዳንዱ ምት ጣራው የሚናገር ይመስል ነበር፤ ከላይ የእንጨት ብናኝ በአልታየች ፀጉር ላይ ይዘንባል። ከውጭ አንዲት ሴት ማርያም ማርያም ትላለች። አልታየች ዓይኗን ከሦስቱ ጭረቶች ላይ አላነሣችም። ክፍተቱ ጠበበ። ደግሞ ጠበበ። ሽብልቁ ወጥቶ መሬት ላይ ሲወድቅ ጣራው በሙሉ አቃሰተ፤ ረጅም፣ ከሆድ የሚወጣ ማቃሰት። አንድ ነገር ከላይ ቀጭ አለ።

ወልደሩፋኤል ሳያስበው እጁን ከራሷ በላይ ዘረጋ፤ የጣራን ክብደት በመዳፍ ሊያቆም የሚችል ይመስል።

ቀጭ ያለው ችንካሩ ነበር። ወደ ቦታው ገባ። ሦስቱ ጭረት ከሦስቱ ጭረት ጋር ገጠመ፤ በመሐሉ ጥፍር የሚያስገባ ቦታ አልቀረም። ጣራው ዝም አለ።

ወልደሩፋኤል ግንዱን በትከሻው ገፋው። ጋደል ብሎ ወደቀና ወደ ግድግዳው ተንከባለለ።

የቤቱ መሐል ተከፈተ። ገና ያልተከደነው ጣራ ሰማዩን በወራጆቹ መሐል ያሳያል፤ የግንቦት ፀሐይ በወለሉ ላይ የጥላና የብርሃን መስመር አሰመረ። ከመሐሉ በላይ ያ አጭር እንጨት ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ምንም የለም።

አልታየች ወደ ደጃፉ ዞረች።

«ግራዝማች፣ እንግዲህ ቤቴ ቆሟል። ባላምባራስን አክባሪያቸው እንደሆንኩ ይንገሩልኝ። እሺ አላልኩም።»

ግራዝማች ዘርአ ዳዊት በትራቸውን ተደግፈው ሲያዩዋት ቆዩ። ብዙ ሽምግልና የሄዱ ሰው ናቸው፤ ብዙ እሺና ብዙ እምቢ ሰምተዋል። ቃልሽን በቀኑ ሰጠሽ፣ ይህንኑ እነግረዋለሁ አሉና በቅሏቸውን እንዲያቀርቡላቸው አዘዙ።

አለቃ አልተንቀሳቀሱም። ከደጃፉ ሆነው ልጃቸውን አዩ፣ ቀጥሎ ከጎኗ የቆመውን ሰው አዩ፤ አስተያየታቸው ግን የሚሆነውንና የማይሆነውን የሚለይ ሳይሆን፣ ደክሞት መቀመጫ የሚፈልግ ሰው አስተያየት ነበር። የከበረ ዘር፣ የቤተ ክህነት ስም፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ የሚወራው ወሬ ሁሉ በፊታቸው ላይ ሲያልፍ አልታየች አየች። ከሁሉም ጋር ስትታገል የኖረችው ያንን ፊት ላለማየት ነበር።

አለቃ ቀና ብለው ጣራውን አዩት።

«ምን ይዞት ነው የቆመው?» አሉ።

ጥያቄው ለእሷ መስሏት ልትመልስ ነበር። ዓይናቸው ግን ወልደሩፋኤል ላይ ነው። ከቤቱ ነገር በቀር አናግረውት አያውቁም፤ ያንንም ቢሆን ዓይኑን ሳያዩ ነበር።

«ሁለቱ ተደጋግፈው ነው ጌታዬ» አለ። «ከሥር ያለው ደግሞ ሸክሙ ሲከብድባቸው እንዳይራራቁ ይይዛቸዋል።»

«ክረምቱን ይችለዋል?»

«ይችለዋል ብዬ ነው የሠራሁት። ክረምቱን አብረን እናየዋለን።»

አለቃ አብረን የምትለውን ቃል ሰሙ። አልታየች መስማታቸውን አወቀች፤ ጢማቸውን ዳበሱ። ነፋሱ ከሜዳው እየመጣ በመስኮቱ ገብቶ በበሩ ይወጣል። አለቃም ወደ ደቦው ዞረው ጓሳውን አቅርቡ አሉ። ጥቂት ሄዱና ተመለሱ፤ አንተ ከዚያ አትውጣ፣ ክዳኑ ሲጫን የምትለውን ይስሙ አሉት።

እሺ ያሉት ለጣራው ብቻ እንደሆነ አልታየች ታውቃለች። የቀረው ሁሉ ገና ነው፤ ምናልባት ከክረምቱ ይረዝም ይሆናል። ቢሆንም አባቷ ሲሄዱ ጀርባቸው ላይ ቁጣ አላየችም።

ወንዶቹ ጓሳውን ተሸክመው መምጣት ጀመሩ። ወልደሩፋኤል ሊቀበላቸው ወደ ማዶው ግድግዳ ተሻገረ። ከዚያ ሆኖ ዞር ብሎ አያት። መሐላቸው ባዶ ወለል ነበር፣ ብርሃን ያሰመረበት። አልታየች ፊቱን ሙሉውን አየችው፤ ብናኝ የተኛበትን ቅንድቡን፣ የደረቀ ከንፈሩን፣ ግራውንም ቀኙንም ጉንጩን። እሱም ዓይኑን ወደ እንጨት አልመለሰም። እሷ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው በዓይን ሲይዛት አንገቷን የምትደፋ ሴት ነበረች፤ አሁን ግን መድፋቱ ትዝም አላላትም፤ ጓሳ የተሸከሙት ሰዎች በመሐላቸው ማለፍ ሲጀምሩ እንኳ፣ አንዱ እስኪያልፍ እየጠበቀች፣ ሌላው እስኪያልፍ እየጠበቀች፣ ታየው ነበር።